የውጭ አገር ቋንቋ መማር ለሰው የሚሰጠው ጥቅም

ማንኛውም ሰው ሳይደክም የሚያገኘው አንድ ቋንቋ አለ። ይህም ከእናት ከአባቱ፣ ከጎረቤቱና ከአብሮ አደጎቹ እየሰማ የሚያድግበት ቋንቋ ነው። መቼ መማር እንደ ጀመረ አያስታውስም፤ ሲማረውም የደከመ አይመስለውም። ሁለተኛ ቋንቋ ግን በራሱ መጥቶ አይገኝም። ፈቃድን፣ ጊዜንና ብርቱ ጥረትን ይጠይቃል። ታዲያ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ እያለው የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር ስለ ምን ይደክማል? ከድካሙስ በኋላ ለራሱ የሚቀርለት ትርፍ ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፈተና ለማለፍ፣ ሥራ ለማግኘት ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ፈተና ካለፈ በኋላ የሚረሳ፣ ሥራ ከተገኘ በኋላ የማያስፈልግ ዕውቀት ከሆነ፣ ቋንቋ ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች የሚለይበት ምክንያት አይኖርም። የውጭ ቋንቋ ለሰው የሚሰጠው ዋና ጥቅም ከዚህ የጠለቀ ነው። በመጀመሪያ ሰውን በገዛ ጆሮው እንዲሰማ፣ በገዛ አፉ እንዲናገር ያደርገዋል። ሁለተኛም የዕውቀቱንና የኑሮውን በር ያሰፋለታል። ሦስተኛም የራሱን ቋንቋ መልሶ ያሳየዋል። በመጨረሻም ጠባዩን ያርማል። እነዚህን አራት ጥቅሞች በየተራ እንመልከት።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መገለጽ ይኖርበታል። «የውጭ ቋንቋ» ሲባል የግድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቋንቋ ማለት ላይሆን ይችላል። የምንኖርበት የአፍሪካ ክፍል በቋንቋ ብዛት የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ከ80 በላይ፣ በታንዛኒያ ደግሞ ከ120 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በኮንሶ ቀበሌ ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛን እንደ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛን እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ይማራል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ቋንቋ መናገር ለብዙ የአካባቢያችን ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የሚነገረውም ከሩቅ አገር ለመጡት ቋንቋዎች ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት ሕዝብ ቋንቋም ይሠራል።

የመጀመሪያው ጥቅም ሰው ያለ አስተርጓሚ ጉዳዩን ማስፈጸም መቻሉ ነው። አስተርጓሚ ጠቃሚ ባለሙያ ነው፤ መልካም አስተርጓሚም ብዙ ሕዝብን ያገናኛል። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አስተርጓሚው የነገረውን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። የተባለው ሁሉ እንደ ተነገረው፣ የተጻፈውም ሁሉ እንደ ተነበበ ለማወቅ የሚችልበት መንገድ ዝግ ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር ሊሆን እንደሚችል ከአገራችን ታሪክ አንድ ትልቅ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ፣ ውጫሌ በተባለው ስፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል አንድ ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የታመኑ መሆናቸው በውሉ ውስጥ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት፣ ቢፈልግ በኢጣሊያ መንግሥት ረዳትነት ሊጠቀም እንደሚችል ይናገራል። የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ግን ይህን እንዲያደርግ የተስማማና የተገደደ ያስመስለዋል። በአንደኛው ጽሑፍ ፈቃድ የነበረው በሁለተኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ኢጣሊያም በዚህ አንቀጽ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር ያለች አገር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት ለጻፉት ደብዳቤ መልስ በደረሳቸው ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የእንግሊዝና የጀርመን መንግሥታት፣ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል መሆን እንደሚገባው የሚገልጽ መልስ ሰጡ። ከዚያም ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ጉዳዩም በመጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦር ሜዳ ተቆረጠ። በእርግጥ ጦርነቱን ያመጣው የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው የቅኝ ግዛት ፍላጎት ነበረ። ነገር ግን ያ ፍላጎት የተሸሸገው በአንድ ግሥ ልዩነት ውስጥ ነበር። ልዩነቱን አስቀድሞ ለመያዝ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱንም በእኩል ደረጃ አንብቦ የሚመረምር ሰው ያስፈልግ ነበር።

በመንግሥታት መካከል የደረሰው በግለሰብ ኑሮም ይደርሳል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችና ወንዶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና ወደ ሊባኖስ ይሄዳሉ። ከእነዚህ መካከል ዐረብኛ የማታውቅ አንዲት ወጣት ወደ ሰው ቤት ለሥራ ገባች እንበል። ደመወዟ ስንት እንደ ሆነ፣ የዕረፍት ቀን እንዳላት፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ የምትሰማው ከደላላ አፍ ነው። በታመመች ጊዜ የት ላይ እንደሚያማት ለሐኪም ማስረዳት አትችልም። በተበደለች ጊዜም በደሏን ለፖሊስ ወይም ለዳኛ በቅጡ አትናገርም። ዐረብኛ ማወቅ በደልን ሁሉ አያስቀርም፤ ክፉ ሕግንና ክፉ ሰውን አይለውጥም። ነገር ግን ውሉን ማንበብ፣ የተጠየቀችውን መረዳት፣ «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» ብሎ መናገር የምትችል ሴትና ይህን ማድረግ የማትችል ሴት ያላቸው ኀይል እኩል አይደለም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ሻንጣውን ከማሰናዳቱ በፊት ጥቂት መቶ ቃላትን መሰነቅ ይገባዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ለዐዋቂዎቹ ዕብራይስጥ የሚማሩበት «ኡልፓን» የሚባል ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ሆኖም ቋንቋውን ቀድመው የያዙት ልጆቻቸው ነበሩ። ከዚህም የተነሣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ለእናቱና ለአባቱ አስተርጓሚ ሆነ። በመሥሪያ ቤት፣ በባንክ፣ በሐኪም ፊት ሳይቀር ስለ ወላጆቹ የሚናገረው እርሱ ሆነ። በአገር ልማድ ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ ያዳምጣል። እዚህ ግን ታናሹ ተናጋሪ፣ ታላቁ አዳማጭ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ በራስ አንደበት መናገር ከክብርም ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። እናት ሕመሟን ለሐኪሙ በልጇ አፍ ሳይሆን በራሷ አፍ መናገር ስትችል፣ የምታገኘው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የእናትነት ስፍራዋንም ታስከብራለች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ በተውሶ አንደበትም ሰው አይደምቅም።

ሁለተኛው ጥቅም የዕውቀትና የኑሮ በር መስፋት ነው። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያነብ ሰው በዚያ ቋንቋ በተጻፈውና ወደዚያ ቋንቋ በተተረጎመው የተወሰነ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ምን እንደ ቀረበትም አያውቅም። ዛሬ በሕክምና፣ በምሕንድስና፣ በእርሻና በሥነ ፍጥረት ትምህርት የሚወጡት አዳዲስ ጽሑፎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ናቸው። ሁለተኛ ቋንቋ የያዘ ተማሪ አንድ መጽሐፍ እስኪተረጎምለት ድረስ ዓመታት አይጠብቅም። ተርጓሚው የተወውን ወይም ያሳጠረውንም ከምንጩ ያገኘዋል።

ከዚህም በላይ በር የተከፈተለት ሰው ለሌሎችም በር ይከፍታል። ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ለማምጣት የቻሉት አስቀድመው የውጭ ቋንቋ በመማራቸው ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በጉራጌኛም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ የደረሰ ሰው ሲሆን፣ የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ድርሰት «መከረኞቹ» ብሎ ለአማርኛ አንባቢ አቅርቧል። በታንዛኒያም የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ጁልየስ ኔሬሬን ማንሣት ይቻላል። ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 ቡቲያማ በምትባል መንደር ተወልደው አፋቸውን የፈቱት በዛናኪ ቋንቋ ነው። ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የተማሩት ኋላ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1963 የሼክስፒርን «ጁልየስ ቄሣር»፣ በ1969 ደግሞ «የቬኒሱን ነጋዴ» ወደ ስዋሂሊ ተርጉመው አሳተሙ። ሁለቱም ቋንቋዎች ለእርሳቸው የእናት ቋንቋ አልነበሩም። በትምህርት የተገኘ ቋንቋ ሌላውን በትምህርት የተገኘ ቋንቋ አበለጸገው ማለት ነው።

ስለ ኑሮም ቢሆን ጥቅሙ ግልጽ ነው። በላሊበላ፣ በጎንደርና በአክሱም ለጎብኚ ታሪክ የሚያስረዳ ወጣት እንጀራው የተመሠረተው በቋንቋ ላይ ነው። የሆቴል ሠራተኛ፣ የአውሮፕላን አስተናጋጅ፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ጋዜጠኛና አስተርጓሚም እንዲሁ ናቸው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። ኅብረቱም ዐረብኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ፈረንሳይኛን፣ ፖርቱጋልኛን፣ ስፓኝኛንና ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋዎች አድርጎ ይጠቀማል። በዚህች ከተማ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ጥሩ ሥራ ለማግኘት የግድ አገሩን ጥሎ መሄድ የለበትም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቋንቋ ብቻውን ሙያ አለመሆኑ ነው። የሚናገረው ነገር የሌለው ሰው በአምስት ቋንቋ ቢናገር ያው ባዶ ነው። ቋንቋ ከሌላ ዕውቀት ጋር ሲጣመር ግን የዚያን ዕውቀት ዋጋ ያበዛዋል።

ሦስተኛው ጥቅም ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ይኸውም የውጭ ቋንቋ የራስን ቋንቋ የሚያሳይ መስተዋት መሆኑ ነው። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚናገረውን ቋንቋ አይመረምረውም። እንደሚተነፍሰው አየር ነው። ከሌላ ቋንቋ ጋር ሲያስተያየው ግን ጠባዩን መገንዘብ ይጀምራል።

ለምሳሌ ያህል እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ በዚያ ቋንቋ ለአንድም ለብዙም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለታናሽም ለታላቅም «ዩ» የምትባል አንዲት ቃል ብቻ መኖሯን ያያል። ያን ጊዜ አማርኛው «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» እያለ ሰውን በጾታ፣ በክብርና በቁጥር እንደሚለይ ይገነዘባል። በየቀኑ ሲናገረው ግን አላስተዋለውም ነበር። ደግሞም እንግሊዝኛ ግሡን ከባለቤቱ ቀጥሎ ያስቀምጣል። አማርኛ ግን «ልጁ ትናንት ከገበያ የገዛውን መጽሐፍ ለእኅቱ ሰጣት» ብሎ ግሡን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። ስለዚህ አማርኛን የሚያዳምጥ ሰው ዐረፍተ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ መታገሥ አለበት። ወደ ፈረንሳይኛ ቢሄድ ፀሐይ ወንድ፣ ጨረቃ ሴት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ወደ ዐረብኛ ቢሄድ ደግሞ ፀሐይ ሴት፣ ጨረቃ ወንድ ናቸው። በአማርኛ ግን የሴትነት አነጋገር ብዙ ጊዜ ትንሽነትንና ፍቅርን ለመግለጽ እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ይገባዋል። «ይህ ቤት» እና «ይቺ ቤት» አንድ ዓይነት ስሜት የላቸውምና።

ዐረብኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ደግሞ ዘመድ እንዳገኘ ይቈጥራል። «ቤት»ን «በይት»፣ «ሞት»ን «መውት»፣ «ራስ»ን «ረእስ»፣ «ስም»ን «ኢስም» ሲሉ ይሰማል፤ «ዐይን» እና «ነፍስ» ደግሞ ሳይለወጡ ይቆዩታል። አማርኛና ዐረብኛ ሴማውያን ከሚባሉት ቋንቋዎች ወገን መሆናቸውን በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ይረዳዋል። ዝምድናው ግን አንዳንድ ጊዜ ያታልላል። በአማርኛ «ሰፈር» የመኖሪያ አካባቢ ነው፤ በዐረብኛ ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል ጉዞ ማለት ነው። በመላው ዓለም የታወቀው «ሳፋሪ» የሚለው የስዋሂሊ ቃልም ከዚሁ ከዐረብኛው የመጣ ነው። ስዋሂሊን የሚማር ሰውም ሌላ የሚያስደስት ነገር ያገኛል። እንግሊዝኛ ሲማር ሰዓቱን ሁሉ በስድስት እያዛነፈ መቍጠር ነበረበት። ስዋሂሊ ተናጋሪ ግን እንደ ኢትዮጵያዊው ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ይቈጥራል። ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳአ ሞጃ»፣ ማለትም «ሰዓት አንድ» ይለዋል። «የእኛ ብቻ ነው» ብለን የምናስበው ልማድ የጎረቤቶቻችንም ሆኖ መገኘቱን የምናውቀው ቋንቋቸውን በመማር ነው።

የውጭ ቋንቋ ወደ ራስ ቋንቋ እንደሚመልስ ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ። የመጀመሪያው የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የወጡ ካህን ሲሆኑ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሮም ተሰደዱ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የጀርመን ሊቅ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ተምሮ ነበርና ሁለቱን ያገናኛቸው ግእዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱና ከሉዶልፍ ጋር በሥራ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላም ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ የኢትዮጵያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ። ያ ሰዋስው በአውሮፓ ከታተሙት የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ከመምህሩ ሞት በኋላ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ የወጣው ይህ መጽሐፍ፣ አንድ ካህን የዕለት ተዕለት አነጋገሩን ለባዕድ ሰው በማስረዳቱ የተገኘ ነው። ማስረዳት ደግሞ መመርመርን ይጠይቃል። «ስለ ምን እንዲህ ትላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ባዕድ ከሌለ፣ ተናጋሪው ራሱን አይጠይቅም።

ሁለተኛው የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሸጥ ኖሮ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። ከዚህ በኋላ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልኮ ትምህርቱን አጠናቀቀ። እንግዲህ ይህ ሰው ብዙ ቋንቋ ካወቀ በኋላ ያደረገው የእናቱን ቋንቋ መርሳት አልነበረም፤ ወደ እርሱ መመለስ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። ነገር ግን ከአገሩ የወጣው በሕፃንነቱ ስለ ነበረ የቋንቋው ቃላት ይጐድሉት ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ የተባለች፣ እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ወጣት ናት። አስቴር የሕዝቡን ተረትና ዘፈን በልቧ ይዛ ነበርና ቃሉን እየሰበሰበች አብራው ሠራች። የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። የውጭ ቋንቋ ዕውቀት ለኦነሲሞስ የትርጉምን ሙያ ሰጠው። ከአስቴር የተገኘው የእናት ቋንቋ ሀብት ደግሞ ለዚያ ሙያ ሥጋና ደም ሆነው። አንዱ ያለ ሌላው ፍሬ ባልሰጠም ነበር።

አራተኛው ጥቅም ስለ ጠባይ ነው። አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ሰው፣ ምንም የተማረና የተከበረ ቢሆን፣ ለጊዜው እንደ ሕፃን ይሆናል። ሐሳቡ የዐዋቂ ነው፤ ቃሉ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ነው። ውኃ ለመጠየቅ ይንተባተባል፤ ሰዎችም ይስቁበታል። ይህን ታግሦ የሚያልፍ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛው ትሕትና ነው። ከዚያ በኋላ የእርሱን ቋንቋ የሚሰብር እንግዳ ሲያጋጥመው አይስቅበትም፤ ቀስ ብሎ ይናገርለታል እንጂ። የሚንተባተብ ሰው ሁሉ ሞኝ አለመሆኑን በራሱ አይቷልና። ሁለተኛው የማስተዋል ስፋት ነው። አንድን ነገር በሁለት መንገድ መናገር እንደሚቻል ያወቀ ሰው፣ በሁለት መንገድ ማሰብም እንደሚቻል ይረዳል። የራሱን አባባል ብቸኛው ትክክለኛ አባባል አድርጎ ለመውሰድ አይቸኵልም።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «የውጭ ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች የራሳቸውን ይንቃሉ፤ አማርኛቸውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ያበላሻሉ፤ ያልሰከነ ሰው ይሆናሉ» ይላሉ። ይህ ነገር ከቶ የለም ማለት አይቻልም። ሦስት የባዕድ ቃል በያዘ ቍጥር አዋቂ የሆነ የሚመስለው ሰው በየቦታው ይታያል። ነገር ግን በደንብ ብንመረምረው ይህ ችግር ከማወቅ ሳይሆን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ሁለቱንም ቋንቋዎች አጥርቶ የያዘ ሰው ከአንዱ ለመበደር አይገደድም።  ከላይ ያየናቸው ሰዎች ምስክሮች ናቸው፤ ኔሬሬ፣ ኦነሲሞስ፣ ከበደና ጸጋዬ የውጭ ቋንቋ በማወቃቸው የሕዝባቸውን ቋንቋ ባለ ዕዳ አላደረጉትም፤ ባለጸጋ አደረጉት እንጂ። ስለዚህ መድኃኒቱ የውጭውን ቋንቋ መተው ሳይሆን፣ የራስን ቋንቋም በእኩል ትጋት መማር ነው።

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ ትምህርቱ እንዴት ይያዝ? ቋንቋ በአንድ ጊዜ ተውጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከማጥናት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማጥናት ይሻላል፤ የተማሩት ሳይረሳ ይደጋገማልና። ቃልን ነጥሎ ከመሸምደድ ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ መያዝ፣ ካነበቡት አምስት መስመር ያህል በራስ አነጋገር መልሶ መጻፍ፣ በራዲዮ የሚሰማውን አንድ አጭር ዜና ደጋግሞ ማዳመጥ መልካም ልማድ ነው። ከሁሉም በላይ መናገርን መድፈር ያስፈልጋል። ስሕተትን የሚፈራ ተማሪ ሰዋስዉን ሁሉ አውቆ ዝም ይላል። የሚደፍረው ግን እየተሳሳተ ይታረማል፤ እየታረመም ይናገራል። የቋንቋው ተናጋሪ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ መምህር በነጻ አገኘ ማለት ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገራችን ይህን መምህር የሚያጣ ሰው ብዙ አይደለም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ቃል ከምንም በላይ የሚሠራው ለቋንቋ ትምህርት ነው።

በአጭሩ ሲታይ፣ የውጭ ቋንቋ መማር ባዕድን ለመምሰል የሚደረግ ጥረት አይደለም። ውሉን በራሱ ዐይን ለማንበብ፣ ሕመሙን በራሱ አፍ ለመናገር፣ መጽሐፉን ከምንጩ ለመቅዳት፣ ጎረቤቱንም ያለ አማላጅ ለማወቅ የሚሻ ሰው የሚይዘው መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ የያዘ ሰው አገሩን ለቆ ባይሄድም፣ በሌላ አገር አንድ ቀን እንኳ ባያድርም ትርፉ አይቀርበትም። ቢያንስ ቢያንስ የእናቱ ቋንቋ ምን ያህል ሀብት እንዳለው ይረዳል። ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ሀብቱን ጠብቆ ለልጆቹ ማስተላለፉ አይቀርም።